ከሰልና ኤሌክትሪክ፤ የማይክል ፋራዴይ የሕይወት ታሪክ

በዛሬው ጽሑፋችን የአንድ አንጥረኛ ልጅ ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ሰውየው ማይክል ፋራዴይ ይባላል። ስሙ ለማናችንም አዲስ አይደለም፤ ሁለተኛ ደረጃ ሳለን በፊዚክሱም በኬሚስትሪውም ሕጎቹን ሸምድደናል። ሕጎቹን እንጂ ሰውየውን ግን እምብዛም አናውቀውም። ነገ ጠመኔ ይዘን ልጆች ፊት ለምንቆም ለእኛ ሰውየውን ማወቅ ሕጎቹን ከማወቅ የማይተናነስ ጥቅም አለው ብለን እናምናለን። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከእርሳስ እንነሳ

ታሪኩን ከመጀመራችን በፊት እስቲ እያንዳንዳችን በእጃችን ያለውን እርሳስ እንመልከት። እርሳስ እንለዋለን እንጂ በውስጡ እርሳስ የሚባለው ብረት የለበትም። ጥቁሩ ነገር ግራፋይት ነው፤ ግራፋይት ደግሞ ካርቦን ነው፤ የከሰል ወንድም ማለት ነው። አሠራሩ በመሶብ ውስጥ እንደ ተደራረበ እንጀራ ነው። ገጾቹ እርስ በርሳቸው በደካማ ኃይል የተያያዙ ስለሆኑ እየተላጡ ወረቀታችን ላይ ይቀራሉ፤ መጻፍ የምንለው ይኸው ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ግራፋይት ውስጥ ሦስት ሚሊዮን ያህል ገጾች ተደራርበው ይገኛሉ። ከነዚህ አንዷ ገጽ ብቻዋን ስትነጠል ግራፊን ትባላለች። አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮስዮሎቭ የተባሉ ሳይንቲስቶች በ2004 ማንቸስተር ከተማ ውስጥ ይህችን ገጽ በተራ የማጣበቂያ ፕላስተር ላጥ ላጥ አድርገው ለይተው አሳዩ፤ በ2010ም የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተሸለሙበት።

ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች ግራፊንን እንደ ኤሌክትሮድ እየተጠቀሙ፣ ካርቦን ባለበት ፈሳሽ ውስጥ እየነከሩና ኤሌክትሪክ እያሳለፉበት፣ በላዩ ላይ እጅግ ጥቃቅን የካርቦን ቅርጾችን ለማብቀል ይሠራሉ። ነጠብጣብ የሚመስሉ፣ ስስ ሽፋን የሚመስሉ ቅርጾች አሉ። መጠናቸው የሚለካው በናኖ ሜትር ነው፤ አንድ ናኖ ሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ሥራው ለተሻለ ባትሪና ኬሚካሎችን ለይቶ ለሚያውቅ መሣሪያ ይጠቅማል ተብሎ ይጠናል።

ታዲያ ይህ ከአንጥረኛው ልጅ ጋር ምን ያገናኘዋል? ያገናኘዋል እንጂ! ኤሌክትሮድ የሚለው ቃል፣ ስንት ኤሌክትሪክ ብናሳልፍ ስንት ነገር እንደሚወጣ የሚነግረን ሕግ፣ ግራፊን የተሠራችበት ባለ ስድስት ማዕዘን የካርቦን ቀለበት፣ ሁሉም ዱካቸው ወደዚሁ ሰው ይመራል። እንዴት እንደሆነ በየተራ እናያለን።

የአንጥረኛው ልጅ

ማይክል ፋራዴይ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1791 በእንግሊዝ አገር፣ ያን ጊዜ የለንደን ዳርቻ በነበረው በኒውንግተን በትስ ተወለደ። አባቱ ጄምስ አንጥረኛ ነበር፤ ከሰሜን እንግሊዝ ሥራ ፍለጋ የመጣ ሰው ነው። እናቱ ማርጋሬት አራት ልጆች አሳድጋለች፤ ማይክል ሦስተኛው ነው። አባትየው ጤና አልነበረውም፤ አንድ ቀን ቢሠራ ሌላውን ቀን ይተኛል። በ1801 የእህል ዋጋ ሰማይ ሲነካ ለማይክል የሚሰጠው ለሳምንት አንድ ዳቦ ነበር ይባላል። አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ አንዱን ዳቦ ለሰባት ቀን ይከፋፍለዋል ማለት ነው።

ትምህርቱም ማንበብ፣ መጻፍና ትንሽ ሒሳብ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የሚከፈል ገንዘብ አልነበረም። ሒሳብ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ድረስ ደካማ ጎኑ ሆኖ ቀረ። ከአንጥረኛ ቤት የማይጠፋው ግን ከሰል ነው። ከሰል ቀይ ሆኖ ሲግም፣ ብረት ሲያለሰልስና አመድ ሆኖ ሲቀር እያየ አደገ። ወደ ፊት እንደምናየው ካርቦን በሕይወቱ ዘመን ሁሉ መልኩን እየለዋወጠ ተከትሎታል።

ጠራዡ

በ1804፣ በ13 ዓመቱ፣ ጆርጅ ሪቦ ለሚባል መጽሐፍ ጠራዥና ሻጭ ተላላኪ ሆነ። ሥራው ጋዜጣ ለደንበኞች ማድረስና አንብበው ሲጨርሱ መልሶ መሰብሰብ ነበር። በዓመቱ ሪቦ ያለ ክፍያ ለሰባት ዓመት የጥረዛ ተለማማጅ አድርጎ ተቀበለው። ያን ጊዜ ሙያ ለመማር ወላጅ ነበር የሚከፍለው፤ ሪቦ ግን የልጁን ትጋት አይቶ ገንዘቡን ተወለት።

ማይክል የሚጠርዘውን መጽሐፍ ማንበብ ጀመረ። ሁለቱ በተለይ አእምሮውን ያዙት። አንዱ በብሪታኒካ ኢንሳይክሎፒዲያ ውስጥ ያገኘው ስለ ኤሌክትሪክ የሚናገር ጽሑፍ ነው። ሁለተኛው ጄን ማርሴት የተባለች ሴት ለጀማሪዎች የጻፈችው የኬሚስትሪ መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉ በአንዲት መምህርና በሁለት ልጃገረዶች ጥያቄና መልስ የተዘጋጀ ነው። ይህንን የማስተማሪያ ዘዴ ኮርስ ላይ ያለን ሠልጣኞች ልብ እንበል፤ አንድ በደንብ የተዘጋጀ የመማሪያ መጽሐፍ፣ ጸሐፊዋ የማታውቀውን አንድ ተለማማጅ ሳይንቲስት አድርጎታል።

ማይክል ያነበበውን በእጁ ሳይሞክር አያምንም። ወንድሙ ሮበርት እሱም አንጥረኛ ነበር፤ ለእያንዳንዱ የማታ ትምህርት አንድ ሺሊንግ እየከፈለለት የሳይንስ ንግግሮችን እንዲያዳምጥ አደረገ። በ1812 ማይክል የራሱን ባትሪ ሠራ። ላብራቶሪ አልነበረውም። ሰባት የመዳብ ሳንቲሞች፣ በነሱ ልክ የተቆረጡ ሰባት የዚንክ ቁራጮችና በጨው ውሃ የራሰ ወረቀት፣ ይኸው ነበር ዕቃው ሁሉ። በዚህ ባትሪ የማግኒዥየም ሰልፌትን ውሑድ በፈሳሽ ውስጥ ፈታው። የኤሌክትሮኬሚስትሪ ሥራውን የጀመረው በሳንቲም ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

በዚያው ዓመት ዊሊያም ዳንስ የተባለ የሪቦ ደንበኛ አራት የመግቢያ ቲኬት ሰጠው። ቲኬቶቹ በሮያል ኢንስቲትዩሽን ስመ ጥሩው ኬሚስት ሰር ሐምፍሪ ዴቪ የሚሰጣቸውን ንግግሮች ለማዳመጥ የሚያስገቡ ናቸው። ዴቪ በ1807 ፖታሲየምንና ሶዲየምን በኤሌክትሪክ ከውሑዶቻቸው ለይቶ ያወጣ ሰው ነው። ማይክል አራቱንም ንግግሮች ተከታተለ፤ የሰማውን በዝርዝር ጻፈ፤ ሥዕሎቹን ሳለ፤ ከዚያም በሙያው ጠርዞ ሥራ ይሰጠኝ ከሚል ደብዳቤ ጋር ለዴቪ ላከለት። ዴቪ አነጋገረው፤ ክፍት ቦታ ግን አልነበረም። በ1813 መጀመሪያ ላይ አንድ የላብራቶሪ ረዳት በጠብ ምክንያት ከሥራ ተባረረ፤ ማርች 1 ቀን ፋራዴይ በቦታው ተቀጠረ። ከደመወዙ ሌላ ከሕንፃው ላይኛው ፎቅ ሁለት ክፍል፣ ከሰልና ሻማ ተፈቀደለት። አንባቢያን ከሰሉንና ሻማውን አትርሱብን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አልማዝ ሲቃጠል

በ1813 መጸው ዴቪ ከባለቤቱ ጋር ወደ አውሮፓ ሲጓዝ ፋራዴይን አስከተለው። እንግሊዝና ፈረንሳይ ጦርነት ላይ ነበሩ፤ ሆኖም ለዴቪ የናፖሊዮን መንግሥት የይለፍ ወረቀት ሰጠው። ለሳይንስ ረዳትነት የሄደው ፋራዴይ መንገድ ላይ አሽከር ሆኖ ተገኘ፤ የዴቪ አሽከር አልሄድም ብሎ ስለ ቀረ ሥራው በሱ ላይ ወደቀ። የዴቪ ባለቤትም እንደ አሽከር ነበር የምትቆጥረው። ነገሩ እጅግ አስመረረው፤ ትቶ ለመመለስም አስቦ ነበር። ግን የሚማረው ነገር በለጠበትና ቻለው።

የተማረውስ ምንድን ነው? በፓሪስ አምፔርን አገኘ። በሚላኖ ባትሪን የፈለሰፈውን አዛውንቱን ቮልታን አየ። በፍሎረንስ ከተማ ደግሞ በማርች 1814 ዴቪና ፋራዴይ የቶስካና መስፍን የሆነውን ትልቅ ሌንስ ተውሰው የፀሐይን ብርሃን በአንድ አልማዝ ላይ አነጣጠሩ። አልማዙ በኦክስጅን በተሞላ የመስታወት ሉል ውስጥ ነበር። ተቃጠለና አለቀ፤ የተገኘውም ጋዝ ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እንግዲህ የነገሥታት ዘውድ ጌጥ የሆነው አልማዝና አባቱ በወናፍ ያቀጣጥለው የነበረው ከሰል በመሠረቱ አንድ ናቸው ማለት ነው። ልዩነቱ የካርቦን አቶሞቹ አደራደር ላይ ነው። የዛሬው የናኖ ካርቦን ሳይንስም የሚቆመው በዚሁ እውነት ላይ ነው፤ ያው ካርቦን በአንድ ዓይነት አደራደር አልማዝ፣ በሌላ ግራፋይት፣ ገጹ ብቻውን ሲሆን ግራፊን ይሆናል።

መምህርና ተማሪ

ፋራዴይ በ1815 ተመልሶ በሮያል ኢንስቲትዩሽን ሥራውን ቀጠለ። በ1821 ሣራ ባርናርድን አገባ፤ ልጅ አልወለዱም። በዚያው ዓመት ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ በማግኔት ዙሪያ እንዲዞር አደረገ፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አያት ይኸ ነው። ችግር ግን ተከተለ። በዚሁ ጉዳይ ላይ ቀድሞ ያስብ የነበረው ዎላስተን የተባለው ታዋቂ ሳይንቲስት ስሙ ሳይጠቀስ በመቅረቱ፣ ፋራዴይ የሰው ሐሳብ ወሰደ የሚል ሐሜት ተነሳ። በ1823 ክሎሪን ጋዝን ወደ ፈሳሽነት ለወጠ፤ በዚሁ ሙከራ የመስታወት ቱቦ ፈንድቶ ስባሪው ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ነበር። በዚህኛውም ሥራ ምስጋናው ለማን ይሁን በሚል ከዴቪ ጋር ቅሬታ መጣ።

ጓደኞቹ የሮያል ሶሳይቲ አባል እንዲሆን ሲያቀርቡት የማኅበሩ ፕሬዚዳንት የሆነው ዴቪ ተቃወመ። ተማሪውን ከጥረዛ ቤት ያወጣው መምህር መንገድ ዘጋበት እኮ! ሆኖም ፋራዴይ በጃንዩዋሪ 1824 ተመረጠ። ደግነቱ እሱ ቂም አልያዘም፤ ዴቪ በ1829 ከሞተ በኋላም ቢሆን ስሙን በአክብሮት እንጂ በክፉ አያነሳም ነበር። እኛም ከዚህ የምንወስደው አለ። ተማሪ ከመምህሩ ሲበልጥ መምህሩ ሠራ ማለት ነው እንጂ ተሸነፈ ማለት አይደለም። ይህ ለመናገር ቀላል ነው፤ ዴቪን የሚያህል ሰው ግን አልቻለውም።

በ1825 ፋራዴይ የላብራቶሪው ኃላፊ ሆነ። በዚሁ ዓመት ካርቦን በሌላ መልኩ መጣበት። ያን ጊዜ ለመብራት የሚያገለግል ከዘይት የሚወጣ ጋዝ በሲሊንደር ታምቆ ይሸጥ ነበር፤ ሲታመቅ የሚቀር አንድ ፈሳሽ አለ። ፋራዴይ ፈሳሹን እየለየና እያቀዘቀዘ ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ የተሠራ አዲስ ውሑድ አገኘ። ዛሬ ቤንዚን የምንለው የኬሚስትሪ ውሑድ ነው (የመኪናው ነዳጅ ሌላ መሆኑን ልብ ይሏል)። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1865፣ ኬኩሌ የተባለው ጀርመናዊ ውሑዱ ስድስት ካርቦኖች ቀለበት ሠርተው የተያያዙበት ነው ብሎ ሐሳብ አቀረበ። የነዚህን ቀለበቶች መልክ ጎን ለጎን እያያያዝን እንደ ማር ሰፈፍ ብንዘረጋው ምን እናገኛለን? ግራፊንን!

ሁለቱ ሕጎች

በ1831 ፋራዴይ ማግኔትን በሽቦ ጥቅልል ውስጥ በማንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ማመንጨት እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ በውሃ ኃይል የሚሠሩት ጄኔሬተሮች ሁሉ በዚህ ዘዴ ይሠራሉ። የኛ ጉዳይ ግን ከዚያ ቀጥሎ በ1833 እና በ1834 ያደረገው ነው።

ኤሌክትሪክ ፈሳሽን እንደሚበታትን ከሱ በፊትም ይታወቅ ነበር። ምን ያህል እንደሚበታትን ግን ሕጉን ያወቀ አልነበረም። ፋራዴይ የዕቃውን ቅርጽ፣ የኤሌክትሮዶቹን ስፋትና የፈሳሹን ውፍረት እየለዋወጠ ደጋግሞ ሞከረ። በመጨረሻ ሁለት ነገር ለየ። አንደኛ፣ በኤሌክትሮድ ላይ የሚወጣው ነገር መጠን ካለፈው የኤሌክትሪክ መጠን ጋር እኩል ያድጋል፤ ኤሌክትሪኩ እጥፍ ቢሆን የሚወጣውም እጥፍ ነው። ሁለተኛ፣ ያው የኤሌክትሪክ መጠን በተለያዩ ፈሳሾች ውስጥ ሲያልፍ የሚወጣው ክብደት እንደየንጥረ ነገሩ የኬሚካል አቻ ክብደት ይለያያል። በዛሬ ቁጥር ስንናገረው የአንድ ሞል ኤሌክትሮን የኤሌክትሪክ መጠን 96,485 ኩሎምብ ያህል ነው፤ ይኸው ቁጥር የፋራዴይ ቋሚ ይባላል። በግራፊን ላይ ካርቦን የሚያበቅሉትም ስንት ኤሌክትሪክ አሳለፍን፣ ከሱ ውስጥ ስንቱ ለምንፈልገው ሥራ ዋለ ብለው ሲያሰሉ ከዚህ ቁጥር ይነሳሉ።

ለአዲስ ነገር አዲስ ስም ያስፈልጋል። ፋራዴይ ግሪክኛ አልተማረም፤ ስለዚህ የሚያውቁትን ጠየቀ። በተለይ የካምብሪጁ ምሁር ዊሊያም ሂውዌል በደብዳቤ እየተማከሩ አኖድ፣ ካቶድና አዮን የሚሉትን ስሞች አወጡ። አኖድ ወደ ላይ የሚወስድ መንገድ፣ ካቶድ ወደ ታች የሚወስድ መንገድ፣ አዮን ተጓዥ ማለት ነው። እነዚህን ቃላት ለልጆች ስናስተምር ትርጉማቸውን ብንነግራቸው ሽምደዳው በግማሽ ይቀንሳል። ያልተማረ ሰው መጠየቁ አላሳፈረውም፤ ውጤቱም በዓለም መማሪያ መጻሕፍት ሁሉ ሰፈረ።

ኋላም በ1857 ፋራዴይ ወርቅን በፈሳሽ ውስጥ እጅግ አድቅቆ ቀይ ቀለም እንዲያሳይ አደረገ፤ ቀለሙ የተለወጠው የወርቁ ብናኝ በጣም በማነሱ መሆኑንም ተረዳ። ናኖ የሚለው ቃል ለዚህ ዓይነት ነገር ባልተለመደበት ዘመን ስለ ናኖ ሥራ ይሠራ ነበር ማለት ነው።

የከሰል ብናኝ

ከሰል ብርሃን ብቻ አይደለም፤ ሞትም ያመጣል። በሴፕቴምበር 1844 በሰሜን እንግሊዝ በሐዝዌል የድንጋይ ከሰል ማዕድን ፍንዳታ ደርሶ 95 ሰዎች ሞቱ። አዋቂዎች ብቻ አልነበሩም፤ ልጆችም ነበሩበት። መንግሥት ፋራዴይንና ጂኦሎጂስቱን ቻርልስ ላይልን አጣርታችሁ ንገሩን ብሎ ላካቸው። እነሱም ጉድጓዱ ውስጥ ወርደው መረመሩ። ፍንዳታውን የጀመረው ጋዝ ቢሆንም በአየር የተበተነው የከሰል ብናኝ እሳቱን እንዳባባሰውና እንዳስፋፋው ጻፉ። ማስጠንቀቂያው ግን በጊዜው በቂ ሰሚ አላገኘም፤ የከሰል ብናኝ አደገኛነት በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ሳይንሱም ቁም ነገር አለው። አንድ ድፍን ከሰል ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ያው ከሰል ሲደቅ ግን ከአየር ጋር የሚገናኝበት ገጽ እጅግ ስለሚሰፋ በቅጽበት ይቀጣጠላል። ዛሬ ተመራማሪዎች ካርቦንን እስከ ናኖ የሚያሳንሱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ብዙ ገጽ በትንሽ ክብደት ለማግኘት። በሐዝዌል የገደለው ጠባይ በባትሪ ውስጥ ያገለግላል።

ሻማው

ፋራዴይ ለመምህራን ቅርብ የሚሆነው በዚህ ነው። ሮያል ኢንስቲትዩሽን በ1825 በገና ሰሞን ለወጣቶች የሳይንስ ትምህርት መስጠት ጀመረ። ፋራዴይ ከ1827 ጀምሮ እስከ 1860-61 ድረስ 19 ጊዜ ይህንን ትምህርት ሰጥቷል። በዓለም የታወቀ ሳይንቲስት ሆኖ ሳለ ልጆች ፊት መቆምን እንደ ዝቅተኛ ሥራ አልቆጠረውም። ጥሩ ተናጋሪ ሆኖም አልተወለደም፤ ስለ አነጋገር ትምህርት ወስዶ፣ የሌሎችን ንግግር እየተመለከተ ጥሩውንና መጥፎውን እየጻፈ ነው የተማረው። እኛ የማስተማር ልምምድ ላይ ጓደኞቻችንን እየተመለከትን እንደምንጽፈው ማለት ነው።

ከትምህርቶቹ ሁሉ ስመ ጥሩው ስለ ሻማ ያስተማረው ነው። በስድስት ክፍለ ጊዜ አንዲት ሻማ ይዞ ስለ መቃጠል፣ ስለ ውሃ፣ ስለ አየርና ስለ መተንፈስ አስተማረ፤ ትምህርቱም በ1861 በመጽሐፍ ታተመ። የሻማ ነበልባል የሚያበራው በውስጡ የጋለ የካርቦን ብናኝ ስላለ መሆኑን በቀዝቃዛ ነገር ላይ ጥላሸት እየያዘ አሳያቸው። ነበልባሉ የበላው ካርቦን ጋዝ ሆኖ እንደሚወጣ፣ እኛም ስንተነፍስ ያንኑ ጋዝ እንደምናወጣ አስረዳቸው። በ2007 ደግሞ ተመራማሪዎች ከሻማ ጥላሸት ብርሃን የሚሰጡ የካርቦን ናኖ ብናኞች ማግኘታቸውን አሳትመዋል። ፋራዴይ ለልጆች ያሳየው ጥላሸት ያን ያህል ጉድ በውስጡ ይዞ ነበር! ኩራዝ በሚበራበት ቤት ጣሪያ ላይ የሚጠራቀመውም ጥላሸት የዚያው ዘመድ ነው።

የማስታወሻው ሰው

ፋራዴይ ከ1839 መጨረሻ አንሥቶ ታመመ፤ ራሱን ያዞረው፣ ነገር ይረሳ ጀመር። ለሳይንቲስት ከዚህ የከፋ ምን አለ? ያዳነው ከጥረዛ ቤት ጀምሮ የያዘው ማስታወሻ የመጻፍ ልማድ ነው። የሙከራ ማስታወሻውን አንቀጽ በአንቀጽ ቁጥር እየሰጠ ጻፈ፤ የመጨረሻው ቁጥር 16,041 ነው። የተሳካውን ብቻ አልጻፈም፤ ያልተሳካውንም በዚያው ጥንቃቄ ጽፏል። በማርች 1862 የመጨረሻ ሙከራው ማግኔት የነበልባልን ብርሃን መስመሮች ይለውጥ እንደሆነ ማየት ነበር። ምንም ለውጥ አላየም፤ አላየሁም ብሎ መዘገበ። በ1896 ዜማን የተባለው የሆላንድ ሰው በተሻለ መሣሪያ ሞክሮ ለውጡን አገኘው። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ የጎደለው መሣሪያ ነበር።

የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ሁን ሲሉት አልቀበልም አለ። በ1858 በሐምፕተን ኮርት መኖሪያ ቤት ተሰጠው፤ እዚያም ኦገስት 25 ቀን 1867 በንባብ ክፍሉ ውስጥ ወንበሩ ላይ እንዳለ ዐረፈ። በለንደን ሐይጌት መካነ መቃብር ተቀበረ።

ለእኛስ?

እዚህ ላይ አንዳንድ ጓደኞቻችን አንድ ጥያቄ ማንሳታቸው አይቀርም። ነገ የምንመደብበት ትምህርት ቤት ላብራቶሪ ባይኖረው ሳይንስ በምን እናስተምር? ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ፋራዴይም ቢሆን እስከ መጨረሻው በሳንቲምና በሻማ ብቻ አልኖረም፤ ሕጎቹን ያገኘው በሚገባ በተደራጀ ላብራቶሪ ነው። ስለዚህ ዕቃ አያስፈልግም የሚል ካለ ታሪኩን አልተረዳውም። ነገር ግን ዕቃው እስኪመጣ እንቀመጥ የሚለውም አልተረዳውም። ሰባቱ ሳንቲም ባይቀድሙ ላብራቶሪው አይከተልም ነበር።

እስቲ በእጃችን ያለውን እንቁጠር። ሁለት እርሳስ በሁለቱም ጫፍ እንቅረጽ። በአንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ትንሽ የመጋገሪያ ሶዳ እንበጥብጥ። የገበታ ጨው አናድርግበት፤ መርዘኛ የሆነው ክሎሪን ሊወጣ ይችላል። ሦስት ወይም አራት ባትሪ ድንጋይ አከታትለን በሽቦ ከእርሳሶቹ የላይኛ ጫፎች ጋር እናገናኝ፤ የታችኞቹን ጫፎች ሳይነካኩ ውሃው ውስጥ እንንከር። በሁለቱም ላይ አረፋ ይታያል። ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር በተያያዘው፣ በካቶዱ፣ ላይ አረፋው ይበዛል፤ እሱ ሃይድሮጅን ነው፤ እሳት አናስጠጋው። ኤሌክትሮድ፣ አኖድ፣ ካቶድና አዮን የሚሉት ቃላት በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ተገኙ ማለት ነው። ግራፊንን በኤሌክትሪክ የሚያዘጋጁ ቤተ ሙከራዎች እጅግ የላቀ መሣሪያ አላቸው እንጂ መሠረተ ሐሳቡ ይኸው ነው።

አንድ ነገር እንጨምርና እናብቃ። ፋራዴይ ብልህ ነበር፤ ትጉ ነበር። ግን ያለ ክፍያ የተቀበለው ሪቦ፣ ሺሊንጉን የከፈለለት ወንድሙ፣ መጽሐፉን የጻፈችው ማርሴት፣ አራቱን ቲኬት የሰጠው ዳንስ ባይኖሩ ኖሮ ብልህ ጠራዥ ሆኖ በሞተ ነበር፤ ማንም ሳያውቀው። ከፊታችን ከሚቀመጡት ልጆች መካከል አባቱ አንጥረኛ የሆነ፣ እናቷ ሸክላ የምትሠራ፣ ከኋላ ወንበር ዝም ብሎ የሚያይ ይኖራል። የትኛው እንደሆነ አስቀድመን ማወቅ አንችልም። ስለዚህ ቲኬቱን ለሁሉም መስጠት አለብን። ለእኛ ቲኬቱ ተዘጋጅተን የገባንበት እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ነው።